ፊቴን አይተው የሚሰሙኝ አማቴ

አማቴ፣ እግዜር ነፍሳቸውን ያሳርፍና፣ ጆሯቸው ከደከመ ወዲህ ጮክ ብዬ ሳናግራቸው ይቆጡኝ ነበር። «በሬ መሰልኩሽ? አትጩሂብኝ። ድምጥሽማ ይደርሰኛል፤ ቃሉ ነው የማይለይልኝ» ይሉና አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ በሩ ብርሃን ያዞሩታል።

አንድ ቀን ቡሬ የሚሠራው ልጄ ሳይደውል ዋለ። እንዳይጨነቁ ብዬ «ደውሏል፤ ደህና ነው» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ።

«አፍሽስ ደህና ነው ይላል፤ ዓይንሽ ግን ስልኩ ላይ ነው። ነይ ልጄ፣ አብረን እንጠብቀው።»

እስኪደውል ድረስ እጄን አልለቀቁም።

እሳቸውን ከቀበርን ከርመናል። ይኸው ዛሬ ደግሞ ልጄ ስልክ አያነሳም። ፍኖተ ሰላም ካለው ቤታችን ወጣ ገባ እላለሁ። ጆሯቸው ደህና የሆነ የቤቴ ሰዎች «ምን ሆነሽ ነው?» ይሉኛል።

«ምንም አልሆንኩ» እላለሁ።

ያምኑኛል።