«ጌም የሚያጫውተው የትኛው ነው?»

ዛሬ በምንኖርበት ጎረቤት አገር ባሕሪ ድልድይ ኬላ ላይ ያስቆመን ወታደር ሁለቱንም ላፕቶፕ ከቦርሳችን አስወጥቶ «ጌም የሚያጫውተው የትኛው ነው?» አለን።

እኔና አብሮኝ የሚኖረው ሳምሶን ላፕቶፖቹን ገዝተን ገና ከሱቅ መመለሳችን ነበር። የሁለታችንም እንጀራ ትርጉም ነው።

እሱ ለጽሑፍ የሚበቃ፣ ባትሪ የማይበላ ፕሮሰሰር ያለውን መረጠ። እኔ ደግሞ ከሥራ በኋላ የኳስ ጌም ልጫወትበት ብዬ ጉልበተኛውን ገዛሁ። «መብራት በሌለበት ከተማ?» ብሎ ባለሱቁ ፊት ሳቀብኝ።

ወታደሩ ሲጠይቅ ሳምሶን ዓይኑን በጨው አጥቦ የእኔን ጠቆመ። «ዳ፣ ያ ጀናቡ! ይሄኛው ነው፣ ጌታዬ!»

ወታደሩ «ልጄ ደስ ይለዋል። ያላ፣ ሂዱ!» ብሎ ላፕቶፔን ይዞብኝ ሄደ። ኬላው የቆመለት አብዮት ለልጁ ደርሶለታል።

ሚኒባስ ውስጥ «ምነው ሳሚ?» አልኩት።

«ሁለቱንም ከሚወስድ አንዱ ይትረፍ ብዬ ነው።»

«እሺ፣ በተረፈው በየተራ እንሥራበታ።»

ላፕቶፑን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘና «የእኔ ፕሮሰሰር ደካማ ነው፤ ሁለት ሰው አይችልም» አለኝ።

ይህን በስልኬ ስጽፍ፣ እሱ ክፍላችንን ከሚከፍለው መጋረጃ ወዲያ የእኔንም ደንበኞች ሥራ ተቀብሎ እየተየበ ነው።

እናንተንስ ኬላ ላይ ጓደኛ አሳልፎ ሰጥቷችሁ ያውቃል? ኮሜንት ላይ አውሩኝ። ሳምሶንን ታግ አድርጌዋለሁ፣ ያንብበው።