በአደራ የተተወችልኝ ታንኳ

በደንብ የደረቀ ሩዝ በጥርስ ሲሰበር «ቀጭ» ይላል። እርጥቡ ዝም ብሎ ነው የሚጨፈለቅ። በየዓመቱ ምርቴን ይዤ ወረታ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ ዳር ወዳለው ሩዝ መፈልፈያ ስሄድ ባለቤቱ ከጆንያዬ አንዲት ፍሬ አንስቶ በጥርሱ ይሰብራታል። ያችን ድምፅ ሲሰማ ሌላው ሰው ስለ ሩዙ ያስባል፣ እኔ ግን ስለ ሰውየው ትከሻ ነው የማስበው። ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ዛሬ እሱ ትልቅ ሰው ነው። ሦስት መፈልፈያ አቁሟል፣ የጭነት መኪና በሩ ላይ ተራ ይጠብቃል። የሩዙ ብናኝ ቅንድቡ ላይ ሲያርፍ ያለ ዕድሜው የሸበተ ይመስላል። ያን ጊዜ ግን እንደኔው የቁሐር ሚካኤል ጎረምሳ ነበር። አባቱን በልጅነቱ ቀብሯል። እናቱ በሰው ሩዝ ማሳ፣ ውሃ ውስጥ ቆማ ስታርም እየዋለች ነው ያሳደገችው። ሀብቱ ከደንገል ቄጠማ የታሰረች አንዲት ታንኳ ነበረች።

ክረምት ሲገባ አገራችን ውሃ ነው። ወንዙ ሞልቶ ሜዳው ላይ ይተኛል፣ ሰውም ከጎረቤት ጎረቤት በታንኳ ይሄዳል። መስከረም ሲያልቅ፣ ውሃው ሳይሸሽ፣ እኛ ጎረምሶቹ ከዋርካው ሥር ተነስተን እስከ መኪናው መንገድ እንሽቀዳደም ነበር። እሱን የቀደመው ሰው የለም። ሲቀዝፍ ባየኸው! ፊቱ ንቅንቅ አይልም፣ ትከሻው ብቻ ይሠራል፣ ታንኳዋ ውሃውን ሳታስጮኸው ትሄዳለች። ወደ ኋላ ዞሮ ሲያይም አላየሁት። እሱን ተከትዬ ሁልጊዜ ሁለተኛ የምወጣ እኔ ነበርሁ። ልጃገረዶቹ ዳር ቆመው «ጅራቱም ደረሰ!» ይሉኛል። እስቃለሁ ላይ ላዩን፣ ውስጤ ግን ይቃጠላል። እወደው ነበር፣ እቀናበትም ነበር። ምን ትለኛለህ፣ ሁለቱም እውነት ነው።

ምስጢሩን የነገረኝ ራሱ ነው። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ከውሃ በወጣ ቁጥር ፀሐይ ካልጠገበ ይከብዳል። እኛ ታንኳችንን ዳር ጥለን ወደ ቤት ስንሮጥ እሱ የሱን ዛፍ ላይ ያስደግፋል፣ ጧት ሆዷን ከሰዓት ጀርባዋን ፀሐይ ያስመታል። ደርቃ ሲመታት ድው እስክትል ድረስ አይለቃትም። «ሥራው ዳር ላይ ነው የሚያልቅ» ይል ነበር።

አንድ ዓመት አንድ የሰፈራችን ሀብታም ገበሬ ለአሸናፊው ጊደር እሰጣለሁ አለ። ቡራቡሬ፣ ቆዳዋ የሚያበራ ጊደር። አገሩ ሁሉ ስለሷ አወራ። እሱ «ይችን ካገኘሁ ሸጬ ሩዝ እነግድባታለሁ። እናቴን ከሰው ማሳ አወጣታለሁ» አለኝ። የእናቱ ጉልበት በውሃው ተይዞ መሄድ አቅቷት ነበር። ውድድሩ ሳምንት ሲቀረው ወንዛዬ ፍል ውሃ ሊያስነክራት ይዟት ሄደ። ሲሄድ ታንኳዋን ለኔ ተወልኝ።

«አደራ፣ ፀሐይ እንዳትነፍጋት» አለኝ።

ነፈግኋት። ኧረ ከዚያም የባሰ ነው ያደረግሁት። ቄጠማው ውስጥ ድንጋይ ጭኜ አራት ቀን ሙሉ ውሃ ውስጥ አጠለቅኋት። ከዚያ አወጣሁና ላይ ላዩዋ ብቻ እስኪደርቅ ፀሐይ ላይ አቆምኋት። ዋሽቼ ምን አተርፋለሁ፣ አስቤበት ነው። አደራ በላ ሆንሁ።

የውድድሩ ጧት እሱ ከወንዛዬ መጣና ታንኳዋን አነሳት። መልሶ አስቀመጣት። ደግሞ አነሳት። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ትናንት ካፊያ መታት» አልሁት፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

«ይሆናል» አለ።

ተነሳን። መጀመሪያ የመራሁት እኔ ነበርሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊቴ የሰው ጀርባ የለም፣ ውሃና ሰማይ ብቻ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፣ ነገር ግን ፈራሁ። እኩሌታውን ስናልፍ ትንፋሹን ከኋላዬ ሰማሁ። ታንኳዋ እስከ ከንፈሯ ሰምጣለች፣ ውሃው ጭኑን ነክቶታል፣ እሱ ግን ይመጣል። ጎን ለጎን ስንሆን ከግራ ትከሻው «ቀጭ» የሚል ድምፅ ወጣ። ጆሮዬ ሥር ነው የጮኸ። ፊቱ አመድ መሰለ። ያቆማል ብዬ ስጠብቅ መቅዘፊያውን በቀኝ እጁና በብብቱ ይዞ አለፈኝ። መንገዱ ዳር ሲደርስ በመካከላችን አንድ ክንድ እንኳ አልነበረም።

እልልታው ሜዳውን አናጋው። እሱ ታንኳዋ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። እጁን አንስቶ ሰላም ማለት አልቻለም። እኔን ግን ያው ጅራት አሉኝ።

ወጌሻ አሸው፣ አሰረው፣ ግን አልዳነም። ያ እጅ ከዚያ ወዲህ ከአገጩ በላይ ወጥቶ አያውቅም። መቅዘፊያም ዳግመኛ አልያዘም። ጊደሯን ሸጠና ወረታ ገባ። እናቱ ገበያ ላይ ቁጭ ብላ በጣሳ ትሰፍራለች፣ እሱ በአንድ ትከሻው ጆንያ ይሸከማል። ኋላ መፈልፈያ ተከራየ፣ ቆይቶም የራሱን አቆመ። እናቱ ወደ ሰው ማሳ ሳትመለስ ነው ያረፈችው። ሰው ዕድለኛ ይለዋል። እኔ ግን አውቀዋለሁ፣ ዕድል አይደለም። እርጥብ ሩዝ መፈልፈያው ውስጥ ስለሚደቅቅ አይቀበልም። ትልቅ ነጋዴም ቢሆን፣ ቢቆጣም ቢለምንም፣ «መጀመሪያ ይድረቅ» ይለዋል። ግቢው ውስጥ ሸራ ያነጥፍለታል። ታንኳዋን ያደርቅበት የነበረው ትዕግሥት ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። የወጋሁት እኔ ነኝ፣ እሱ ግን የረሳ ይመስል ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ሩዜን ይዤለት ስሄድ «ዛሬ እነግረዋለሁ» እላለሁ፣ «ቀጭ» ስትል ግን ጆንያዬን ተሸክሜ ወደ መፈልፈያው እገባለሁ።

ዘንድሮ ያልታሰበ ዝናብ ክምሬን መታው። ቢሆንም ጫንሁት። አንዲት ፍሬ አንስቶ ነከሳት፤ ድምፅ የለም።

«ይሄ አይሆንም፣ ወንድሜ። ና እናስጣው» አለኝ።

ሸራውን ሊዘረጋ ጫፉን ያዘ። ቀኙ ተነሳ፣ ግራው አገጩ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ሸራው በዚያ በኩል ተንጠለጠለ። ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ።

«ታንኳዋን ያጠለቅኋት እኔ ነኝ» አልሁት። «ካፊያ አልነበረም።»

ሸራውን አልለቀቀውም። «ገና ሳነሳት አውቄያለሁ» አለ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልህ?»

«ብናገር ውድድሩን የሚዳኙት ሽማግሌዎች ዳግመኛ ውሃ አያስነኩህም ነበር። ካንተ በቀር የሚደርስብኝ ማን ነበረ? ብቻዬን ልቀዝፍ ነው?» ወደ መኪናው መንገድ አየ። «ገና ብዙ ዓመት አብረን የምንቀዝፍ መስሎኝ ነበር» አለ።

እኔ አለቀስሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ተራ ጠባቂው ሁሉ እያየኝ።

«በል ያዝ እንጂ፣ ፀሐዩ ሳይሄድ» አለኝ። በግራው በኩል ቆሜ ሸራውን አነሳሁለት።