የጃርቱ ድምፅ

እኔ ለሐውልት ግድ የለኝም፤ የርግብ መቀመጫ ነው። ለፉርቼክ ሐውልት ሊቆም ነው የተባለ ቀን ግን ጎረቤቴ ቦጉሚዋ የቤቴን በር በደስታ ደበደበችው። ደጅ ቆማ መጣራት ካቆመች ቆይታለች።

ፉርቼክ እዚሁ ከተማችን የተሣለ የካርቱን ጃርት ነው። አይናገርም። ሲገርመው፣ ሲከፋው፣ ፖም ሲሰርቅ በአፍንጫው «ህም-ህም-እ?» ይላል፤ በቃ። መላው ፖላንድ በዚያ ድምፅ ነው ያደገው። ድምፁም የቦጉሚዋ ነበር። ስቱዲዮው ውስጥ የቴፕ ክር እየቆረጠች የምትቀጥል ሠራተኛ ነበረች። አንድ ቀን ጉንፋን ይዟት በአፍንጫዋ ስታጉረመርም ዳይሬክተሩ ሰማትና ማይክሮፎን ፊት አቆማት። ስሟ ፊልሙ ላይ አልወጣም፤ እሷም አልጠየቀች። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ግን ሰላምታዋ «ህም-ህም-እ?» ነበር።

ኋላ ጉሮሮዋን ካንሰር ያዘው። ሐኪሞቹ ነፍሷን አተረፉ፤ ድምፅዋን ቆርጠው ጣሉት። ከዚያ ወዲህ የምታወራኝ በልጆች ሰሌዳ ላይ እየጻፈች ነው።

ሐውልቱ ሲጫኑት ፉርቼክን የሚያሰማ ቁልፍ አለው ተባለ። «በመንገድ ሳልፍ ራሴን እሰማለሁ» ብላ ጻፈችልኝ።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» አልኳት። «የማዘጋጃ ቤት ሰዎች እንኳን ላንቺ ድምፅ ለሚጮኸው ስልካቸውም ግድ የላቸውም።»

ሳቀች፤ ያለ ድምፅ። አብረን ማዘጋጃ ቤት ሄድን። ጉዳዩን የያዘው ራዶስዋቭ የሚባል ትሑት ወጣት ነበር።

«እማማ፣ ሞክረን ነበር» አላት። «ፊልሙ ላይ ድምፅዎ ከክላሪኔቱ ሙዚቃ ጋር ተደባልቋል፤ መለየት አልተቻለም። ብቻውን የተቀዳበት ክር ደግሞ የለም።»

እንደሌለ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። በዚያ ዘመን የቴፕ ክር እንደ ሥጋ በወረፋ ነበር የሚገኘው፤ አንድ ፊልም ሲያልቅ የድሮውን አጥፍተው ሌላ ይቀዱበታል። የምታጠፋውም ራሷ ቦጉሚዋ ነበረች፤ ሥራዋ ነዋ።

«ታዲያ ምን ልታሰሙን ነው?» አልኩት።

«አንዲት ተዋናይት ቀድታልናለች። ቁርጥ ፉርቼክን።»

በምርቃቱ ዕለት ቄሱ ጸበል ረጩ። ፈተና የደረሰባቸው ተማሪዎች ዕድል እንዲሰጣቸው የነሐሱን ጃርት አፍንጫ ያሻሹ ነበር። ቦጉሚዋ ወረፋዋን ጠብቃ ቁልፉን ተጫነች። የጠራ፣ የወጣት ድምፅ ወጣ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ደግማ ተጫነች፤ አሁንም ደግማ።

«እማማ፣ ልጆችም ይጠብቃሉ እኮ» አለቻት ከኋላ የቆመች ሴት።

አሁን ትራም ውስጥ ልጆቹ ሁሉ እንደ ሐውልቱ ነው «ህም-ህም-እ?» የሚሉት። ትናንት ሾርባ ይዤላት ገባሁ። ሰሌዳዋን አነሳችና «ስቴፋ፣ የኔን ታስታውሺዋለሽ?» ብላ ጻፈች።

ዕድሜዬን ሙሉ ደረጃ ላይ የሰማሁት ድምፅ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ፈለግኩት። የመጣልኝ የነሐሱ ነው። እንደገና ሞከርኩ፤ ያው የነሐሱ።

ዓይኔን ስገልጥ ፊቴን አይታ ጨርሳለች። የጻፈችውን በእጅጌዋ ጠርጋ ሾርባዋን መጠጣት ጀመረች።