ታክሲዎች ያደረቁት የእሽቅድድም ሜዳ

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬን ያበላሸሁት ልምድ ስለነበረኝ ነው። አገር ቤት ለመንገድ ሥራ ድርጅት ስምንት ዓመት የውሃ ቦቴ ነድቻለሁ። ቦቴው ይረጫል፣ ግሬደሩ ይደለድላል፣ ሮለሩ ይጠቀጥቃል፤ ያኔ መንገድ ሆነ ይባላል። ስለዚህ በስደት በመጣሁበት አገር፣ ከዴ ሞይን ከተማ በስተደቡብ የነበረው የመኪና እሽቅድድም ሜዳ ለቅዳሜ የቦቴ ሾፌር እንደሚፈልግ ስሰማ፣ ይሄማ የእኔ እንጀራ ነው ብዬ ገባሁ።

ሜዳው አስፋልት አልነበረም። መኪኖቹ የሚሽቀዳደሙት በሸክላ አፈር ላይ ነው። ባለቤቱ ሬይ የሚባል፣ ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነበር። የቦቴውን ቁልፍ ሰጠኝና "አርጥበው" ብሎኝ ሄደ። እኔም አረጠብኩ። ያ አልበቃ ብሎኝ ሳልታዘዝ ሮለሩን አስነሥቼ ጠቀጠቅኩት። ሜዳው እንደ ሲሚንቶ ወለል ልሙጥ ሆነ። ኮራሁ።

ውድድሩ ሲጀመር ጉድ ፈላ። ጎማዎቹ የሚነክሱት አፈር አጥተው ይንሸራተታሉ። ከላይ የደረቀው ተፈረካክሶ አቧራው ተነሣ፤ ተመልካቹ ሆት ዶጉን ከነአቧራው በላ። ሬይ ወደ ቦቴው መጣ።

"ምንድን ነው የሠራኸው?"

"መንገድ።"

"መንገድማ ከአጥሩ ውጭ ሞልቶልኛል!" አለ። ተባረርኩ ስል፣ ሳቁን ለቀቀው።

በሳምንቱ ራሱ ከጎኔ ተቀምጦ አስተማረኝ። የእሽቅድድም አፈር ውሃውን ከዋዜማው ጀምሮ ቀስ እያለ ይጠጣል። በውድድሩ ቀን መርጫው በስሱ ብቻ ይከፈታል። ከዚያ ወርደህ በጫማህ ተረከዝ ትጫነዋለህ፤ ከረገበልህና ካልተጣበቀብህ ደርሷል። ይህን በትክክል ለመሥራት ሁለት የውድድር ዘመን ፈጅቶብኛል፤ ከእኔ ፈጥኖ የተማረ ካለ እጄን እሰጣለሁ።

እንዴት ያለ ጊዜ ነበር! የእርጥብ አፈርና የነዳጅ ሽታ፣ ሃያ ሞተር አንድ ላይ ሲነሣ ደረትህ ውስጥ የሚገባው ድምፅ። ተወዳዳሪዎቹ በሥራ ቀን ቧንቧ ሠሪ፣ አውቶቡስ ነጂ፣ ነርስ ናቸው፤ ቅዳሜ ሲሆን ግን ሁሉም ጀግና ነው። ከውድድሩ በፊት የመጨረሻውን ዙር እየረጨሁ ሳልፍ ሕዝቡ ብድግ ብሎ ያጨበጭብልኛል። በዕድሜዬ ለቦቴ ሲጨበጨብ ያየሁት እዚያ ብቻ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ከባለቤቴ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። በምኖርበት በቡሪየን ከተማ ወዳጆቼ በሙሉ የአየር ማረፊያ ታክሲ ነጂዎች ናቸው፤ እኔም በሥራ ቀን እዚያው ከመኪና ማቆሚያው መንገደኛ የሚያመላልስ ሚኒባስ እነዳ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ አባል፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ቅዳሜውን ጭቃ ሲያቦካ ይውላል እንዳይሉኝ ፈራሁ። ሲጠይቁኝ "ኦቨርታይም" እላለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ኦቨርታይም።

ከዚያ ሬይ መሬቱን ሸጠው። ጉልበቱ ደክሞ ነበር፤ ገዢዎቹ መጋዘን ሊሠሩበት ነው። አንድ የመጨረሻ ውድድር ቀረን። ሰኞ ዕለት አጥሩ ይፈርሳል፤ ስለዚህ ያ ቅዳሜ ካመለጠ ሌላ ቅዳሜ የለም።

ዓርብ ዝናብ ገባ። ቅዳሜ ጠዋት ሲያባራ ሜዳው ማጥ ሆኗል። ሮለር ብናስገባ ጭቃውን ተሸክሞት ይነሣል። ያለው ዘዴ መኪኖችን ቀስ አድርጎ ማዞር ነው፤ ጎማው እየጨመቀ ያደርቀዋል። ተወዳዳሪዎቹ ደግሞ ሞተራችን በጭቃ ይታፈናል ብለው እምቢ አሉ። ከሜዳው ሁለት አሮጌ ፒክአፖች አንዱ አልነሣ አለ፤ በቀረው በአንዱ ብቻ ደግሞ አይደርስም። ሬይ ባዶው የተመልካች መቀመጫ ላይ ቁጭ ብሎ "እስከ ምሳ ካልደረቀ እሰርዘዋለሁ" አለኝ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ለጋሽ ወልዴ ደወልኩ። የታክሲዎቹ አንጋፋ ናቸው፤ እሳቸው ካሉ ሌላው ይመጣል።

"ጋሼ፣ ላስቸግርዎ ነው።"

"ዛሬ ኦቨርታይም ላይ አይደለህም እንዴ?"

"ኦቨርታይም የለም፣ ጋሼ። የመኪና እሽቅድድም ሜዳ ውሃ የማጠጣው እኔ ነኝ። ስድስት ዓመቴ ነው።"

"ቆይ፣ መኪናዬን ፓርክ ላድርግ።" ትንሽ ቆይተው ተመለሱ። "እስቲ ድገምልኝ።"

ደገምኩላቸው። ስለ ጭቃውም ነገርኳቸው።

"ሶ፣ ታክሲ ነው የፈለግከው?"

"የተገኘውን ያህል።"

"ኦኬ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አድራሻውን ቴክስት አድርግልኝ።"

አሥራ አንድ ታክሲ መጣ። ደረቅ ካለው ዳር አስጀመርኳቸውና ቀስ በቀስ ወደ መሃል አስገባኋቸው። ጋሽ ወልዴ ከፊት ሆነው፣ በእያንዳንዱ ኩርባ ፍሬቻ እያሳዩ ይዞራሉ።

"ጋሼ፣ እዚህ ፍሬቻ አያስፈልግም!" ብዬ ጮህኩ።

"ሕግ ሕግ ነው!" አሉ በመስኮት።

ሬይ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። "እነማን ናቸው?"

"ወዳጆቼ።"

"እስከዛሬ የት ነበሩ?"

ምሳ ሲደርስ ወርጄ አፈሩን ፈተንኩት። ደርሷል። ሬይ ትከሻዬን ይዞ አለቀሰ፤ እኔም አላስቻለኝም።

ውድድሩ ተካሄደ። በእኔ ዘመን ካየኋቸው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ታክሲ ነጂዎቹ እስከ ጣሪያው ጭቃ የለበሰ መኪናቸውን ትተው መቀመጫው ላይ ቆመው ይጮሃሉ። ጋሽ ወልዴ አንዲት ቀይ መኪና መርጠው "ግፋ! ግፋበት!" ሲሉ ድምፃቸው ዘጋ። መኪናዋ ስድስተኛ ወጣች፤ እሳቸው ግን አንደኛ የወጣች ያህል ነበር የጨፈሩላት።

ሕዝቡ ሲወጣ ጋሽ ወልዴ ክንዴን ያዙኝ። "የሚመጣው ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው? ልጆቹንም አመጣለሁ።"

"ጋሼ፣ የሚመጣ ቅዳሜ የለም። ሰኞ ይፈርሳል።"

ሜዳውን አዩ፣ እኔን አዩ። "ስድስት ዓመት ሙሉ ይሄን ብቻህን?" አሉ። እንደ ቀልድ አልነበረም፤ ከልባቸው ነው የተቆጡኝ።

ዛሬ ቦታው መጋዘን ነው። በየትኛውም ሥራ ላሉት የምለው ይህን ነው፦ የወደዳችሁትን ሥራ ሳይዘጋ ለወዳጆቻችሁ አሳዩ።