አጎሱ የሞላው መሬት

ፎርማን አጎሱ በሕይወቱ አንድ ትልቅ ውሸት ዋሽቷል። ሌሎች ትንንሾችም ሳይኖሩት አይቀሩም፤ እኔ የማውቀው ግን ይህን ነው። የሲሚንቶ መጋዘኑ ጠባቂ ስለነበርኩ ነገሩ ሁሉ ዓይኔ እያየ ነው የሆነው።

አጎሱ ፎርማን የሆነው ሃያ ዓመት በግንበኝነት ከሠራ በኋላ ነው። በኮቶኑ ከተማ ዳርቻ የሚሠሩት አሥራ ሁለት መኖሪያ ቤቶች የመጀመሪያ ሹመቱ ነበሩ። ሰፈሩ እንዲያውቅለት ያን ሰሞን ጉዳይ በሌለው መንገድ ሁሉ ሲያልፍ ከረመ። መሃንዲሷ ባኬ የሰሜን ሰው ናት፤ እሷ ባደገችበት አገር መሬት ማለት ድንጋይ ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት መሬቱን ቆፍረን እንይ ስትል አጎሱ ደረቱን መታ። እዚሁ ተወልጄ ነው ያደግሁት፣ እስከ ታች ድረስ ንጹሕ አሸዋ ነው አላት። አመነችው።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። የቦታው ከፊል ድሮ ረግረግ ነበር። የመሬቱ ባለቤቶች እንደማንኛውም የከተማው ሰው በጋሪ ቆሻሻ እያስደፉ ሞሉትና ላዩን አሸዋ አለበሱት። ጋሪውን ሲገፋ የነበረው አጎሱ ራሱ ነው። አርባ ዓመት ቆሻሻን አፈር ሳያደርገው አይቀርም ብሎ ነበር።

አላደረገውም። የሰባተኛው ቤት መሠረት ሲቆፈር መጀመሪያ ጠርሙስ ወጣ። አጎሱ ቆፋሪዎቹ ጠጥተው የጣሉት ነው አለ። ቀጥሎ የፍራሽ ሽቦ ወጣ። ይህንንም ሌሊት ሰው ጥሎት ይሆናል አለ። የልብስ ስፌት መኪና ጎኑን ሲያሳይ ግን ቶሎ አሸዋ መልሱበት ብሎ አንሾካሾከ። የሰፈሩ ሴቶች ግን ጉድጓዱን ከበው የየራሳቸውን ዕቃ መፈለግ ጀምረዋል። ባኬም ከኋላቸው ቆማለች።

ከዚያ ባለ አበባ የብረት ሳፋ ወጣ።

ማማ ሁዌፋ፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው አሮጊት፣ ሳፋውን ከቆፋሪው እጅ ነጠቁት። ይህን ሳፋ ሰርቃኛለች ብለው ከጣውንታቸው ከማማ አፊያቪ ጋር አርባ ዓመት ተኳርፈዋል። በአንድ ግቢ እየኖሩ ሰላም የሚባባሉት በልጆቻቸው በኩል ነው። ሳፋውን አገላብጠው አዩት። ከዚያ አጎሱን አዩት።

«አንተ ልጅ» አሉት። «ያ ጆሮ ትልቁ ጋሪ ገፊ አይደለህም? ቆሻሻውን በሳፋ ብሰጥህ ከነሳፋው ደፋኸው?»

«ማማ፣ ስንት ጋሪ ነው የገፋሁት። ሁሉንም እንዴት አስታውሳለሁ» አለ አጎሱ፣ ሳያስበው እየተናዘዘ።

ማማ አፊያቪ ሰው እየገፉ ወደ ፊት መጡ። «በይ እንግዲህ ሌባ ሲለኝ የኖረውን አፍሽን በሱ ሳፋ እጠቢው» አሉ።

ሁለቱ ጣውንቶች በአርባ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተነጋገሩ። የተባባሉትን ግን እዚህ ልጽፈው አልችልም።

ባኬ አልሳቀችም። «ንጹሕ አሸዋ ነው ብለውኝ ነበር» አለችው። ሊባረር ነው ብለን ጠበቅን። አጎሱ ጫማውን እያየ፣ የሞላሁት እኔ ነኝ፣ የት ላይ እንደሚያልቅም የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ አላት። ጥቂት አሰበችና ፈረደች። ቆሻሻ የተሞላበትን ቦታ ጠርዝ በኖራ ያሰምራል፤ ከመስመሩ ውጭ ሦስት ጉድጓድ ይቆፈራል፤ አንዲት ቁራጭ ላስቲክ ከወጣች ያን ቀን ሥራውን ይለቃል።

አጎሱ ኖራውን እየበተነ ሄደ። እግረ መንገዱን ያወራል። እዚህ የመጠጥ ቤቱን ጠርሙስ ደፋሁ፣ እዚህ የጫማ ሰፊውን ቁርጥራጭ፣ እዚህ ጋሪው ተገልብጦብኝ አለቀስኩ ይላል። መስመሩ ወደ አጥሩ ሲጠጋ ከአጥሩ ማዶ ቤት ያላቸው ሰዎች የእነሱም ቤት ቆሻሻ ላይ መቆሙ ሊታወቅ ነውና መረበሽ ጀመሩ። ከእነሱ አንዱ፣ ጎማ ነጋዴው፣ በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ።

«ፎፎ አጎሱ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ጠምዘዝ አድርጋት። ፎቅ ልጨምር ነው።»

«ያኔ ስደፋው አልተጠማዘዘም» አለ አጎሱ፤ ቀጥ አድርጎ አሰመረው።

አንዷ ጎረቤት ዶሮ አመጣልሃለሁ አለችው። እሷንም አልሰማትም። ባኬ አጥሩ ጋ ሲደርስ አቁም ስትለው ሰፈሩ በሙሉ እፎይ አለ።

ከሰዓት በኋላ ቁፋሮው ተጀመረ። አንደኛው ጉድጓድ አሸዋ ነው። ሁለተኛው አሸዋና ውሃ። ሦስተኛው የሰው ወገብ ያህል እንደጠለቀ አካፋው ጥቁር የላስቲክ ነጠላ ጫማ ይዞ ወጣ።

አጎሱ የምሳ ዕቃውን አንጠለጠለና ወደ በሩ መራመድ ጀመረ።

ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ቆፋሪ ግን በአንድ እግሩ ቆሞ እጁን ዘርግቷል። «ኧረ እሱን መልሱልኝ» አለ። «አሁን ጭቃው ውጦብኝ ነው። በእግሬ ስዳብሰው አካፋዬ ቀደመኝ።»

ባኬ ጎንበስ ብላ የሰውየውን እግሮች ተራ በተራ አየች። አንዱ ጫማ አለው፣ አንዱ ባዶ ነው። ጫማውን ወረወረችለትና ቀና አለች።

«ፎፎ አጎሱ፣ ወዴት ነው?» አለች። «ያስገቡትን ማን ሊያወጣልዎ ነው?»

አጎሱ የምሳ ዕቃውን እኔ ላይ ጥሎ፣ ሸሚዙን አወለቀና ወደ ሰባተኛው ቤት ጉድጓድ ወረደ።