ያጣጣልነው መስፍ

ወረታ ውስጥ ከእኔ የበለጠ የተሰበረ ዕቃ የሰበሰበ ሰው ካለ ይምጣና ይሞግተኝ። ወገቤ አልችል ብሎኝ የጭነት መኪና መንዳቱን ከተውሁ ወዲህ፣ ጓሮዬ ላይ ቆርቆሮ ጥዬ የብረት ሥራ ጀምሬአለሁ። በርና መስኮት እበይዳለሁ፣ የሽንኩርት ገበሬዎችን የውኃ ሞተር መቆሚያ እጠግናለሁ። ግራይንደሬ ሲጮህ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አብሮ ይጮሃል። አንድ ቀን የደብራችን ቄስ መንገድ ላይ አስቁመውኝ «ልጄ፣ ደወላችንን እኮ አስረሳኸን» ብለውኛል። እውነቱን ለመናገር እሳቸው ያሉት «ትንሽ ቀነስ አድርገው» ነው፤ የቀረውን እኔ ጨምሬበታለሁ።

መጀመሪያ ላይ የምገዛው አዲስ ዕቃ ነበር። ባሕር ዳር ሄጄ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ እንደ ሙሽራ የሚያብረቀርቅ ሞርሳ ገዝቼ መጣሁ። ባለቤቴ አይታው «ይሄንስ ሳሎን ነው ማስቀመጥ» አለች። ብረት አስነክሼ አንድ ጊዜ ሳጠብቀው መንጋጋው እንደ ሕፃን ጥርስ ውልቅ አለ። ስባሪውን ገልብጬ ባየው ውስጡ እንደ ዳቦ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ከዚያ ወዲያ ፍቅሬ ሁሉ ለአሮጌ ዕቃ ሆነ። ሐሙሲት ገበያ በአሮጌ ጎማና በጀሪካን መሃል ተንበርክኬ ስፈልግ ያየኝ ሰው ሁሉ ቀለበት የጠፋኝ ይመስለዋል። እጀታ የሌለው መዶሻ፣ ጥርሱ ያለቀ ሞረድ፣ መንከስ የረሳ ፒንሳ፣ ያልገዛሁት የለም። አንድ መፍቻማ ዝገቱን ፍቄ ስጨርስ አብሮ አለቀ።

መስፍ ግን አልነበረኝም። ቀጥቃጭ የጋለውን ብረት የሚያጋድምበት፣ መዶሻውን ሁሉ ችሎ የሚኖረው ያ ወፍራም ብረት ማለቴ ነው። በር በብየዳ ይሠራል፤ ማጭድ ግን አይሠራም። ማጭድ የሚወጣው መስፍ ላይ ተጋድሞ፣ መዶሻ ጠግቦ ነው። ሜዳችን ላይ ሩዙ ሲደርስ ሰው ሁሉ ማጭድ ይፈልጋል፣ ከሱቅ የሚገዛው ደግሞ ሩዙን ገና ሲያይ ይታጠፋል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ዕቃ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሳመላልስ ነው የኖርሁት። አንድ ነገር ከእጄ ወጥቶ በሰው እጅ ውስጥ ሲሠራ ማየት አማረኝ። ለአጨዳው እንዲደርስልኝ መስፉን በመኸሩ ዋዜማ ማግኘት ነበረብኝ።

ወሬው የመጣልኝ ከገበያ ነው። ወደ ይፋግ በኩል ከመንገድ ገባ ብሎ አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ አሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ልጆቻቸው ሙያውን አልያዙም፣ መስፋቸውን ለሚሠራበት ሰው ሊሸጡ ነው ተባለ። ጎረቤቶቻቸው እሳቸው በቀጠቀጡት ማረሻ ያርሳሉ፣ በሳሉት ማጭድ ያጭዳሉ፤ ዓይናቸውን ግን ይፈራሉ። ይህን የአገራችንን ነገር ሁሉም ያውቀዋል።

እኛ ዘንድ ከባድ ዕቃ ሲገዛ ብቻ አይኬድም። ሁለት ተሁኖ ነው፤ አንዱ ይወዳል፣ አንዱ ያጣጥላል። የወደደው ዝም ይላል፣ የሚያጣጥለው ይናገራል። እኔ የባለቤቴን ወንድም ይዤ ሄድሁ። እንደ እሱ ያለ አጣጣይ ከጎንደር እስከ ባሕር ዳር የለም። አንድ ጊዜ አንዲት የፎገራ ላም፣ ዳሌዋ እንደ አልጋ የተዘረጋ ላም ናት፣ ቆሞ ሲያጣጥላት ባለቤትየው ዘወር ብሎ እንደ አዲስ አያት። ላሟም አቀረቀረች።

በባጃጅ ሄደን ከመንገዱ ስንወርድ ዋልካው ተቀበለን። ሩዙ ገና አረንጓዴና ቢጫ የተቀላቀለበት ነበር፤ ጭቃው አንድ ጫማዬን ውጦ ብዙ ካሰበ በኋላ መለሰልኝ። ስንደርስ የሽማግሌው ሚስት ከደጅ ተቀምጠው የገንቦ አንገት ያበጃሉ። ሽማግሌው ከጎጆዋ ጥላ ሥር ነበሩ፤ መስፉ ደግሞ ከፊታቸው ግንድ ላይ ተተክሏል። መሃሉ ከመደብደብ ብዛት እንደ በቅሎ ጀርባ ጎድጎድ ብሎአል፤ ጠርዙ ግን ትናንት የተሠራ ይመስላል።

«አባቴ ሲቀጠቅጡበት ነው የደረስሁት» አሉ። «እሳቸውም ከአባታቸው ነው ያገኙት። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።» ዋጋውንም ነገሩን። ኪሴ ከያዘው ያነሰ ነበር።

መዶሻ አንሥቼ አንዴ ነካ አደረግሁት። ጥንንን አለ። ድምፁ ሩዙን አቋርጦ ሄደ፤ ጣና ውስጥ የተኙት ጉማሬዎች ቀና ሳይሉ አልቀሩም። ልቤ ደረቴ ውስጥ እስክስታ ወረደች፤ ፊቴን ግን እንደ ለቅሶ ቤት አጠቆርሁት፣ ሥርዓቱ ነውና።

«ምነው ታፈነ?» አለ የባለቤቴ ወንድም።

«ምኑ?» አሉ ሽማግሌው።

«ድምፁ ነዋ! አባቴ፣ ይሄ እኮ ውስጡ ተሰንጥቋል።»

«ተሰንጥቋል?»

«አይጠራጠሩ። ላዩን አይመኑት። ፊቱ ወዝ እያለው አንጀቱ ያለቀ ሰው አያውቁም? እንደሱ ነው። እኛ እንኳ የአጥር በር ማስደገፊያ ይሆነናል ብለን ነው የመጣን።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። የደከመ ዓይናቸው ከፊቴ ትንሽ ወደ ጎን ነበር የሚያርፈው። «አንተስ ልጄ? ባለሙያው አንተ ነህ ብለውኛል። ሰማኸው?»

የወደደ ሰው ዝም ነው የሚለው። ዝም ማለቱ ግን ነውር ሆነብኝና «እንጃ፣ አባቴ» አልሁ።

መዶሻውን ከእጄ ተቀበሉ። አንዴ መቱት፣ ጎንበስ ብለው ጆሮአቸውን አስጠጉ። ደግመው መቱት። ሚስታቸው ጣታቸውን ከጭቃው ሳያወጡ ያያሉ። የባለቤቴ ወንድም የዋጋውን እኩሌታ ጠራ። ሽማግሌው መዶሻውን ቀስ አድርገው መሬት አስቀመጡና «እሱን ተወው እስቲ፣ ልጄ» አሉ።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ገበያ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። ተነሥቶ መሄድ ነው፤ ሻጩ ከኋላ ይጠራል። ተነሣን። እኔ እንደ ቀንድ አውጣ ነው የሄድሁት። ያልተፈታ ጫማ አሰርሁ። ሩዝ አይቶ እንደማያውቅ ሰው የሩዝ ዛላ ቆም ብዬ መረመርሁ። የጠራን የለም።

«ዞር እንዳትል» አለኝ የባለቤቴ ወንድም። «ተሸክሞት ወረታ ድረስ ባይመጣ ምን አለ በለኝ።»

ቤት ስገባ ባለቤቴ ባዶ እጄን አየች።

«አልወደድኸውም?»

«ወድጄዋለሁ።»

«ታዲያ የታለ?»

«እንዲህ ነው የሚገዛው።»

«እንዲህ ነው የማይገዛው» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በማግሥቱ ልሄድ ስነሣ ወንድሟ ከለከለኝ። «ቶሎ ከተመለስህ ርቦታል ይሉሃል። ገበያው ይለፍ።» ገበያው አለፈ። እኔ እንደሁ በዚያ ሰሞን እጄ ሥራ አልያዘም፤ የበር ልኬት ስወስድ እንኳ ጆሮዬ ውስጥ ጥንንን ይላል። በመጨረሻ ለማንም ሳልነግር ብቻዬን፣ የጠየቁትን ዋጋ ሙሉውን ይዤ ሄድሁ።

ግንዱ አለ። ላዩ ላይ ግን መስፉ ተተክሎበት የነበረው ጉድጓድ ብቻ ቀርቶ ዶሮ ተቀምጣበታለች።

ሽማግሌው ድምፄን ለይተው ከተቀመጡበት ሊነሡ ሞከሩ። «መጣህ ልጄ? እግዜር ይስጥልኝ። እናንተ ባትመጡ ኖሮ በዚህ ዕድሜዬ ሰው ላታልል ነበር። እናንተ በሄዳችሁ በሦስተኛው ቀን ከአንበሳሜ አንድ ሰው መጣ። ወደደው፣ ዋጋም አልተከራከረኝ። ‹ስንጥቅ ነው፣ ልጄ፣ አዋቂ ሰዎች አይተውታል› ብዬ መለስሁት። በኋላ ቁራሌው ሲያልፍ አሮጌ ብረት ነው ብዬ ሰጠሁት። ምን ላድርገው? ከደጄ ቆሞ ባየው ደግሞ ይከፋኛል።»

ምን ብዬ እንደወጣሁ አላስታውሰውም። ወረታ እንዴት እንደደረስሁም እንደዚያው፤ ባጃጁን ገፍቼ ሳይሆን አይቀርም። የአሮጌ ብረት መከማቻው ስደርስ የሚያውቀኝ ሰውዬ፣ ሁልጊዜ እየቀለደ የሚሸኘኝ፣ ከሩቅ እጁን አወዛወዘ። «ዛሬ ዘገየህ! መኪናው እኮ ትናንት ጭኖ ወጣ።»

«አንድ መስፍ ነበረበት?»

«የምን መስፍ? አንድ ወፍራም ነገር ነበር፤ ለሁለት ነው ያነሣነው።»

ወዴት እንደሄደ ጠየቅሁት። አዲስ አበባ አለኝ፣ ቀልጦ ፌሮ ይሆናል። አሁን ወረታ ውስጥ ፎቅ ሲጀመር ባየሁ ቁጥር የተደረደረውን ፌሮ በቁልፌ ነካ አድርጌ አልፋለሁ። ሠራተኞቹ ልክፍት ያለብኝ ይመስላቸዋል። እውነታቸውን ነው።

ለባለቤቴ ወንድም ነገርሁት። «አላመንሁም! ማጣጣልን ያመነ ሻጭ የት አገር አለ?» ብሎ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን መሃል ላይ ተወው። ከዚያ ቀን ወዲህ ገበያ አብረን ሄደን አናውቅም፤ ሳንጣላ ነው የተውነው።

እኔን ያስቸገረኝ መስፉ መጥፋቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ የመኪና አክስል ተክዬ፣ ተራግሜ እተወው ነበር። አክስሉንስ ተክያለሁ፤ ስመታው እንደ ጎመን ነው ድምፁ። ያስቸገረኝ ሌላ ነገር ነው። ዝም ካልሁ፣ እኒያ ሰው ሦስት ትውልድ የተቀጠቀጠበት ብረታቸው ስንጥቅ ነበር ብለው ይሞታሉ። ከተናገርሁ ደግሞ ደህናውን ብረት በገዛ እጃቸው እንደጣሉት ያውቃሉ። የትኛው እንደሚሻል ባለቤቴን ጠየቅኋት። «ሁለቱም አይሻልም» አለችኝ። «ግን አንዱ እውነት ነው።»

ሩዙ ታጭዶ ሜዳው ሲነጣ ሄድሁ። ሽማግሌው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሚስታቸው አጠገባቸው የተተኮሱ ገንቦዎች እያንኳኩ ይለያሉ። ቀልድ ልጀምር ብዬ አፌን ከፈትሁ፤ አልመጣልኝም።

«አባቴ፣ መስፉ ደህና ነበር።»

«እ?»

«ስንጥቅ አልነበረውም። ዋጋ ለማስቀነስ ነው እንዲያ ያልነው።»

ሚስታቸው የያዙትን ገንቦ አስቀመጡ። «እኔስ ምን ብዬ ነበር?» አሉ፤ ለማን እንዳሉት አልገባኝም።

ሽማግሌው «ሰምቼው ነበር» አሉ። «ሲጮህ እኮ ጥርት ብሎ ሰምቼዋለሁ። ዓይኔ ሲሄድ ጆሮዬም ተከትሎት የሄደ መሰለኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«አየህ ልጄ፣ ሰው ስለ እኛ የማይለው የለም። ከልጅነቴ ጀምሬ ስሰማው ኖሬ አንዱንም አላመንሁ። ብረቴን ግን ክፉ ነው ያለኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። ለዚህ ነው ያመንሁት።»

 የምይዘው ነገር ቢጠፋኝ ከግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጉጠት አየሁ፤ የጋለ ብረት የሚያዝበት፣ እጀታው በእጅ ወዝ የለሰለሰ ጉጠት ነበር። «እሱንስ ይሸጡልኛል? የሚሉኝን እከፍላለሁ» አልሁ።

ሚስታቸው አውርደው ሰጧቸው። ተቀብለው ወደ እኔ ዘረጉት፤ ግን አልለቀቁትም።

«እስቲ እየው» አሉኝ። «የቱ ጋ ነው የተበላሸው?»

«የትም አልተበላሸም፣ አባቴ።»

«እውነትህን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

ጉጠቱን መልሰው ወደ ራሳቸው ሳቡት። ጆሮአቸው ሥር አስጠግተው ከፈቱት፣ ዘጉት። ደግመው ከፈቱት፣ ዘጉት፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡት ጀመር።