የሐያት አምበር

ዛሬ ቀፊራ ገበያ አንዱ ነጋዴ የአምበር ዶቃና የብር ሐብል በሎሚ ሲያሽ አየሁና "ተው!" ልለው ቃጣኝ።

በደርግ ጊዜ ጎረቤታችን አዴ ሞሚና ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። አንዲት ልጃቸው ሐያት አፈሳውን ፈርታ ወደ ጅቡቲ ስትጠፋ ሐብሏን ትታላቸው ሄደች። አንድ ቀን ጠሩኝና በለስላሳ ጨርቅ እየወለወሉት፣

"አምበር ሎሚ አይወድም ልጄ፤ የሰው ገላ ነው የሚወደው። ብሩም ካላደረጉት ይጠቁራል። እስክትመጣ አንቺ አሙቂላት" ብለው አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ።

ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሐብሉን አድርጌ አጠገባቸው እቀመጥ ነበር። ብዙም አናወራም። አንድ ቀን ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር ጡሩምባ ሲሰማ ቀና ብለው አዩኝ።

"ሐያት?"

"አቤት" አልኳቸው።

እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙ።

እስካሁን መንገድ ላይ በዚያ ስም ሰው ሲጣራ ዞር እላለሁ።